መድኃኒቱ በማን እጅ ነው?



ቢልሃርዚያ ባለበት ወረዳ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ መድኃኒት የሚታደልበትን ቀን አይታችሁ ታውቃላችሁ? አገር አቀፉ ዘመቻ በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የተለመደ ሆኗል። ተማሪዎች ይሰለፋሉ፤ አንድ በአንድ ምልክት ከተሰመረበት ዘንግ አጠገብ ይቆማሉ። የፕራዚኳንቴል መጠን የሚወሰነው በክብደት ነው፤ ሚዛን በየቦታው ስለማይገኝ ግን ቁመት ይተካዋል። አጭሩ አንድ ፍሬ ይደርሰዋል፣ ረጅሙ ሦስት አራት። «ቁርስ በልተሃል?» ይባላል፤ እዚያው መምህሩ ፊት ይውጣል፤ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መምህሮቻችን መድኃኒት መያዝ አይችሉም የሚለኝ ሰው ቢኖር ያቺን ቀን አሳየዋለሁ።

በማግሥቱስ? እዚያው ክፍል ውስጥ የስኳር ሕመም ያለባት ልጅ ኢንሱሊኗን በደብተር ቦርሳዋ ሸሽጋ ትቀመጣለች። ጎኗ ያለችው ጓደኛዋ እንኳ አታውቅም። «ለማንም እንዳትናገሪ» ያሏት ቤተሰቦቿ ናቸው። አልፈርድባቸውም። የሚጥል በሽታ የተነሳበትን ልጅ ክብሪት ጭረን አፍንጫው ሥር የምንይዝ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ምስጢር የምንታመን አይደለንም።

ነገር ግን ምስጢሩ አንድ ቀን ልጅቷን ይጥላታል። ጠዋት ኢንሱሊኗን ተወግታ፣ ቁርሷን ሳትጨርስ ወጥታ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ስፖርት ሆነ እንበል። የደም ስኳሯ በመለኪያው ከ70 በታች ይወርዳል። ያልባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ትነጫነጫለች፤ የተጠየቀችውን ትታ ሌላ ትመልሳለች። የማያውቅ መምህር «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ይቆጣታል፤ ወይም ብቻዋን ወደ ቤት ይሰዳታል። የሚያውቅ መምህር ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ያጠጣታል፣ ከአጠገቧ አይለይም፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ እንድትለካ ያደርጋል። ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም አይሰጣትም፤ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። እንዲያው «ስኳሯ ተነሳ» ብሎ ኢንሱሊን ለመውጋት የሚጣደፍ ደግ ሰው አይጠፋም፤ እሱን ያዙልኝ። በዚያ ሰዓት ኢንሱሊን ሊገድላት ይችላል።

«የተማሪ መድኃኒት ሁሉ ቢሮ ይቆለፍበት» ሲባል እሰማለሁ። በከፊል እስማማለሁ። ኪኒን ይቆለፍ፤ ተማሪ ለተማሪ የራስ ምታት ማስታገሻ መከፋፈሉም ይቅር። የአስም ፓፍ ግን አይቆለፍም! ትንፋሽ ያጠረው ልጅ፣ ቁልፍ የያዙት ጋሼ ከስብሰባ እስኪወጡ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ፓፉ ኪሱ ውስጥ ይሁን፤ ገና ሕፃን ከሆነ እዚያው ክፍሉ ውስጥ፣ መምህሩ ዘንድ። የኢንሱሊኗም ቦርሳ ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው አይዋል።

ብዙው መድኃኒት ግን ጭራሽ ትምህርት ቤት መምጣት የለበትም። በቀን ሁለቴ የሚወሰደው ጠዋትና ማታ እቤት ያልቃል፤ ሦስቴ ከሆነም፣ አንዱን ከትምህርት መልስ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ትኩሳት ኖሮት በማለዳ ፓራሲታሞል የሰጣችሁትን ልጅ ዝም ብላችሁ አትላኩት። በሁለት አወሳሰድ መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ማለፍ አለበት፤ መምህሩ ይህን የሚያሰላው እናንተ የሰጣችሁበትን ሰዓት ሲያውቅ ብቻ ነው።

ወላጆች፣ ይህ ሳምንት ሳያልፍ የክፍል ኃላፊ መምህሩን አግኙ። መድኃኒቱን ከነካርቶኑ፣ የሐኪሙን ማዘዣ ከነሰዓቱ ይዛችሁ ሂዱ። ርዕሳነ መምህራን ደግሞ መድኃኒት የሚሰጥ አንድ ሰው፣ እሱ በቀረ ቀን የሚተካው ሌላ ሰው መድቡ፤ የሰጡትን ሁሉ ከነሰዓቱ ጽፈው የሚፈርሙበት አንድ ደብተር ይኑራቸው። መቼም ትምህርት ቤት ውስጥ ደብተር አይጠፋም።