ነጠላ ተብሎ ነጠላ ያልሆነ
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ ከዐውደ ምሕረቱ ቆሞ ሕዝቡን የሚመለከት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ነጭነትን ነው። ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ባለጸጋውም ድኻውም ነጠላ ለብሶ መጥቷል። ነገር ግን ዘወትር የሚታይ ነገር ከመለመዱ የተነሣ ሳይታይ ይቀራልና፣ ስለዚህ ልብስ ጥቂት መናገር ለበዓሉ የሚገባ ነው።

ነጠላ መባሉ ድርብ ስላልሆነ ነው። ሲደረብ ኩታ ይባላል፤ ፈትሉ ወፍሮ ሲደራረብም ጋቢ ይሆናል። ነጠላው ግን ስስ ነው፤ እጅጌም አንገትም የለውም፤ ስለዚህም ለሁሉ ይሆናል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡበት ግራና ቀኙ በደረት ላይ ተመሳቅሎ የመስቀል ምልክት ይሆናል። በታላቅ ሰው ፊት የሚያገለግል አደግድጎበት ይቆማል። ሐዘን የደረሰበት ዘቅዝቆ ይለብሰዋል፤ መንገደኛውም ሳይጠይቅ መርዶውን ያውቃል። እናት ልጇን ታዝልበታለች፤ ሳንቲሟን በጫፉ ትቋጥርበታለች፤ ዕንባዋንም ታብስበታለች። እንግዲህ ጨርቁ አንድ ሲሆን ንግግሩ ብዙ ነው።

ሰሙ ይህ ነው፤ ወርቁ ግን ያለው በአሠራሩ ነው። ጥጡ ተዳምጦ ከፍሬው ይለያል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል። ሴቲቱም በእንዝርት ትፈትለዋለች። ለድር የሚሆነው ክር መወጠርን መቻል አለበትና ጠበቅ ብሎ ይከርራል፤ ማጉ ግን ላላና ለስለስ ይላል፤ ለልብሱ ልስላሴን የሚሰጠው እርሱ ነውና። ከዚህ በኋላ ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፤ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሰድዳል፤ ማጉንም እየመታ ያጠጋል። ወደ ጫፉም ሲደርስ ባለ ቀለሙን ክር አግብቶ ጥለቱን ያወጣል። ድር ብቻውን ቢወጠር የክር ረድፍ ነው፤ ማግም ብቻውን የተጠቀለለ ክር ነው፤ ሁለቱ ሲሻገሩ ግን ልብስ ይሆናሉ።

ይህን ሥራ ቅዱሳት መጻሕፍት አልናቁትም። መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ባበሠራት ጊዜ ለቤተ መቅደስ ሐርና ወርቅ ትፈትል እንደ ነበረ አባቶች በትውፊት ያስተምራሉ። በኢዮጴ ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። የጌታም ቀሚስ ከላይ እስከ ታች ያለ ስፌት የተሠራ ነበርና፣ የሰቀሉት ወታደሮች እንኳ ሊቀዱት አልወደዱም።

ይህን ሲሰማ የኖረ ሕዝብ ግን ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያለ ሲሰድበው ኖሯል። በጎንደር ሸማኔው ብዙ ጊዜ እስላም ወይም ቤተ እስራኤል ነበር፤ በአዲስ አበባም ሽሮ ሜዳን በሸማ ያስጠራው ከጋሞ ደጋ የመጣው ባለሙያ ነው። ሰው የእነዚህን እጅ ሥራ ለብሶ ወደ ቤተ እግዚአብሔር ይገባል፤ ከሠሪው ጋር ግን በአንድ ማዕድ መቀመጥን ይጸየፍ ነበር። ስለዚህ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ ከለከሉ፤ ሁሉም የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑንም አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ስድቡ ከአደባባይ ቢሸሽም ከልብ ጓዳ ፈጽሞ ወጥቷል ለማለት አይቻልም።

ዛሬም ሌላ ፈተና መጥቷል። ጥለትን በቀለም አስመስሎ ያተመ የመኪና ጨርቅ በገበያ በርካሽ ይሸጣል። ድኻ እርሱን ቢለብስ ነውር የለበትም፤ እግዚአብሔር ልብን እንጂ ክርን አይመዝንምና። የሚያሳፍረው ሊከፍል የሚችል ሰው በሸማኔው ደጅ ዋጋ ሲያስቀንስ ውሎ፣ ያተረፈውን ስለት አድርጎ ሲያመጣ ነው። የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ሐዋርያው ያዕቆብ አስተምሯልና፣ እንዲህ ያለው ስለት ከሰጪው አስቀድሞ ከሳሹ ይደርሳል።

ኢዮቤልዩ በኦሪት የነጻነት ዓመት ነው፤ የተሸጠው ባሪያ ወደ ወገኑ ይመለስበት ነበር። እንግዲህ ይህ ደብር ኢዮቤልዩን ሲያከብር፣ ከየቤቱ አንድ ስድብ ይውጣ፤ ለባለ እጅም ዋጋው ሳይጓደል ይከፈለው፤ የሸማኔ ልጅ በዓውደ ምሕረቱም በሠርጉም ቤት እንደ ወንድም ይቆጠር።

ልብሱ ስሙ ነጠላ ነው እንጂ ማንም ብቻውን አልሠራውም፤ ገበሬው ዘርቶታል፣ ሴቲቱ ፈትላዋለች፣ ሸማኔው ሠርቶታል። ደብርም እንዲሁ ነው፤ ካህኑ እንደ ድር ቢወጠር፣ ምእመኑም እንደ ማግ ቢመላለስበት፣ ያን ጊዜ ብርድ የመታውን የሚያለብስ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።