ከወሊድ በኋላ የሚመላለስ ደም

(አጭር የመግቢያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የአንዲት እናት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ተነስቷል፤ የወሊድ ደሟም ቆሟል። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጠዋት የውስጥ ልብሷ ላይ ጠብታ ታያለች። በማግስቱ ይጠፋል፤ በሳምንቱ ይመለሳል። «ምን ሆኜ ነው?» ትላለች፤ ግን ለእናቷም ለመናገር ታፍራለች።

የወሊድ ደም መጀመሪያ ደማቅ ቀይ ነው፤ እየቆየ ቡናማ፣ ኋላም ነጣ ያለ ቢጫ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ከዚያ ወዲያ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የወር አበባ መመለስ ነው። ጡት ማጥባት የእንቁላልን መውጣት ስለሚያዘገይ፣ አንድ ወር መጥቶ ሁለት ወር ሊቀር ይችላል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ወይም የ3 ወሩን መርፌ የጀመረች እናትም ጠብታ ብታይ የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፦ እንቁላል የወር አበባ ከመታየቱ በፊት ሊወጣ ይችላል። «ገና አበባዬ አልመጣም» ብላ የተዘናጋች እናት ልታረግዝ ትችላለች።

ነገር ግን አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያርስ ደም፣ ትልልቅ የረጋ ደም፣ መጥፎ ሽታ፣ ትኩሳት ወይም ማዞር ካለ «የአራስ ወግ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ማህፀን ውስጥ የቀረ የእንግዴ ልጅ ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ባሎች፣ እናቶች፣ እህቶች፦ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሳታመነቱ ሐኪም ዘንድ አድርሷት።