ገበያ ያለመለመው ኮረብታ



እ.ኤ.አ. በ2020 የአውሮፓ ኅብረት በሙቀት አማቂ ጋዞች ቅነሳ ላይ ሲመክር፣ ከ150 የሚበልጡ ኩባንያዎችና ባለሀብቶች የ2030 ግብ ከ1990 መጠን ቢያንስ 55 በመቶ ዝቅ እንዲል በይፋ ጠየቁ። ነጋዴ ራሱ ጥብቅ ግብ መሻቱ ሊያስገርመን አይገባም፤ ፋብሪካ የሚቆመው ለብዙ ዓመታት በመሆኑ፣ ባለቤቱ ነገ የሚጠየቀውን ዛሬ ማወቅ ይፈልጋል።

የዚህ እውነትነት በአካባቢያችንም ይታያል። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ባለው ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ የሚተክለው የከሰል ገበያ መኖሩን ተማምኖ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፤ ዛፉንም ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ጠብቆ ይቆርጣል። የተራቆተው ኮረብታ የለመለመው በዚህ ስሌት ነው።

ይሁን እንጂ በአንድ ዛፍና በአንድ ሸቀጥ ላይ የቆመ ልማት ጽኑ አይደለም። በቅርብ ዓመታት የገባው የዝገት በሽታ ዲከረንሱን ሲያጠቃ፣ የገበሬው የዓመታት ድካም ለአደጋ ተጋልጧል። በአፈር ተዳፍኖ የሚከሰለው እንጨትም ብዙ ኃይሉን በጭስ ያባክናል።

አገራችንም እ.ኤ.አ. እስከ 2050 የተጣራ ልቀቷን ዜሮ ለማድረስ ግብ ይዛለች። ግቡ በገበሬው ማሳ እንዲጸና አስተማማኝ ገበያ፣ የተለያየ የዛፍ ዝርያና የተሻለ የከሰል ማክሰያ ያስፈልጋል። ሦስተኛው የእኛ የመሐንዲሶች ዕዳ ነው።