«መድኃኒት» የምንለው መርዝ



የዕረፍቱ ጊዜ ሲደርስ ብዙዎቻችን ወደ ኖፓና በመቱ ዙሪያ ወዳሉት ቀበሌዎች እንመለሳለን። ከመሄዳችን በፊት ስለ አንድ ቃል እንነጋገር። ገበሬው በሰብሉ ላይ የሚረጨውን ሁሉ «መድኃኒት» ይለዋል፤ በኦሮምኛም «ቆሪቻ» ነው። የሚያድን ነገር ደግሞ አይፈራም። በእኛ አስተያየት ጥንቃቄ የሚጠፋው ከዚህ ስም ጀምሮ ነው።

መርዝ በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳና በትንፋሽም ይገባል። ማላታይን ነፍሳትን የሚገድለው የነርቭን ሥራ የሚቆጣጠረውን ኤንዛይም በማገድ ነው፤ ይኸው ኤንዛይም በሰውም አካል አለ። ስለዚህ የሚረጨው ሰው ላብና ምራቅ ይበዛበታል፣ ያስመልሰዋል፣ ዓይኑ ይፈዛል፤ ሲብስም ትንፋሹ ይቆማል። በቆሎን ከነቀዝ ለመጠበቅ የሚጨመረው የፎስቶክሲን እንክብል ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል። እህሉ ከመኝታ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ከሆነ ጋዙ ነቀዙን ከተኛው ሕፃን አይለይም። ማርከሻም የለውም።

አገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674ን በ2002 ዓ.ም. አውጥታለች። ሕግ ግን ማሳ ድረስ ወርዶ ለገበሬው ጓንት አያጠልቅለትም። በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ጠርሙስ ሸጦ፣ ጓንትና ጭምብል ሳያቀርቡለት፣ «አላዋቂ ነው» ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? በመጀመሪያ ነገሩን በስሙ እንጥራው፤ መርዝ፣ በኦሮምኛም «ሱሚ» እንበለው። ፊደል ላልቆጠረ ሰው በጠርሙሱ ላይ ያለውን የቀለም መስመር እናስረዳ፤ ቀዩ እጅግ አደገኛ ነው፣ ቢጫው ይከተላል፣ ከዚያ ሰማያዊውና አረንጓዴው። አረንጓዴውም ቢሆን መርዝነቱ አይቀርም። ባዶው ዕቃ ታጥቦ ውኃ ወይም ዘይት እንዳይያዝበት፣ ተበስቶ እንዲወገድ እንንገር። ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ መርጨት እንዲቀር፣ የተረጨበትም ልብስ ከልጆች ልብስ ተለይቶ እንዲታጠብ እናድርግ። ሰው ቢታመም ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ጠርሙሱ ወይም በላዩ ያለው ጽሑፍ አብሮ ይሂድ፤ ለማላታይን አትሮፒን ይረዳል፣ ሐኪሙ ግን መርዙን ማወቅ አለበት።

ያስተማሩን እነዚህ ገበሬዎች ናቸው። ስለዚህ እንደ ልጅ በትሕትና፣ ግን ሳናፍር እንንገራቸው።