የልብ ፓምፕ ለተገጠመላቸው ሕሙማን የኩላሊት እጥበት በር ይከፈት



የአሜሪካ ኮንግረስ በ1972 ባወጣው ሕግ ኩላሊታቸው ሥራ ላቆመ አብዛኞቹ ሕሙማን የሜዲኬርን በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ ልባቸው በፓምፕ የሚታገዝ ሕሙማን ኩላሊታቸውም ሲደክም፣ ብዙ የእጥበት ማዕከላት አይቀበሏቸውም። ፓምፑ ደምን ያለማቋረጥ ስለሚገፋ የብዙዎቹ የደም ሥር ትርታ በእጅ አይዳሰስም፤ የተለመደው የደም ግፊት መለኪያም ብዙ ጊዜ አያነብም። በዶፕለር መለካት የሠለጠነ ነርስ በሌለበት ታማሚው ከሆስፒታል ለመውጣት ይቸገራል።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ዘወትር በሳምንት 3 ጊዜ በማዕከል የሚደረገው የደም እጥበት ነው፤ ፈሳሽ በፍጥነት ከወጣ ግን ፓምፑ የሚገፋው ደም ያንሰዋል። ሁለተኛው በሆድ ዕቃ ሽፋን አማካይነት በቤት የሚከናወነው እጥበት ነው። ፈሳሹን በዝግታ ያወጣል፤ በደም ሥር የሚገባ ቱቦም አያሻውም። የፓምፑ ገመድ በሆድ ቆዳ በኩል ስለሚወጣ ግን ከኢንፌክሽን ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ስለዚህ ለእንደራሴዎቻችን የምናቀርበው ጥያቄ ሦስት ነው፦ ለማዕከላቱ ነርሶች ሥልጠናና ተመጣጣኝ ክፍያ ይመደብ፤ ፓምፑ ከመገጠሙ በፊት የኩላሊት ሐኪም ይማከር፤ የቤት እጥበት ትምህርት አማርኛ ለሚናገሩ ሕሙማን በብቁ አስተርጓሚ ይሰጥ። ሕግ የከፈተውን በር የሥልጠና እጦት ሊዘጋው አይገባም።