ሁለት ሦስት ፊደል ጽፎ የሚቆም ጸሐፊ
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው «10 ደቂቃ አለሽ፣ ስለፈለግሽው ተናገሪ» ሲለኝ፣ ስለ ልጆችና ስለ ኑሮ ሻይ ላይ መጫወታችን እንደማይቀር አሰብኩ። ስለዚህ ከባዮኬሚስትሪ ፈተና ማግስት ሁላችንም በደስታ የረሳነውን ነገር ላስታውሳችሁ መረጥኩ፤ ባክቴሪያ ጂኑን መገልበጥ እንዴት እንደሚጀምር። አትሳቁ! በየቀኑ በእጃችን የምናዘው አንድ መድኃኒት የሚሠራው እዚያችው መጀመሪያ ላይ ነው። መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ነው። «ሽንትዎ ይቀላል፣ እንዳይደነግጡ» እያልን የምንሰጠው።

ነገሩን በብራና ጸሐፊ ልመስለው። ዲ ኤን ኤ ረጅም ብራና ነው፤ ገልባጩ ደግሞ አር ኤን ኤ ፖሊሜሬዝ የሚባል ፕሮቲን ነው። በባክቴሪያ ዋና አካሉ አምስት ክፍል አለው፤ ሁለት አልፋ፣ አንድ ቤታ፣ አንድ ቤታ ፕራይምና አንዲት ትንሽ ኦሜጋ። ቅርጹ የሸርጣን መቆንጠጫ ይመስላል፤ ዲ ኤን ኤው በመሐሉ ያልፋል። ይኼ ጸሐፊ እጁ ፈጣን ነው፤ ከየት እንደሚጀምር ግን ራሱን ችሎ አያውቅም። የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1969 የታወቀው ሲግማ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ነው። በብራና ላይ የክፍል መጀመሪያ በቀይ ቀለም እንደሚለይ ሁሉ፣ ከጂኑ መነሻ ወደ ኋላ 10 እና 35 ፊደል ገደማ ላይ ምልክቶች አሉ። ሲግማ እነሱን ለይቶ ይይዛል፣ ሁለቱ ክሮች እዚያ አካባቢ ይላቀቃሉ፣ መገልበጥ ይጀመራል። ጽሑፉ 10 ፊደል ገደማ ካለፈ በኋላ ሲግማ አብዛኛውን ጊዜ ይለቅና ሌላ ጸሐፊ ሊያስጀምር ይሄዳል።

ታዲያ ሪፋምፒሲን የት ገባ? እ.ኤ.አ. በ2001 የሴት ዳርስት የምርምር ቡድን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ በፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተወሰደውን ፖሊሜሬዝ ከነመድኃኒቱ በኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ አሳየን። መድኃኒቱ በቤታ ክፍል ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጧል፤ ፊደል ከሚገጣጠምበት ቦታ 12 አንግስትሮም ያህል ይርቃል። እንግዲህ የጸሐፊውን እጅ አልያዘም፤ የዘጋው ጽሑፉ የሚወጣበትን መንገድ ነው። ሁለት ሦስት ፊደል ይጻፋል፣ ቀጣዩ መሄጃ ያጣል። አንዴ ርቆ የሄደን ጽሑፍ ግን አያስቆምም፤ የሚከለክለው አዲስ ጅምርን ነው። የእኛ ሴሎች ፖሊሜሬዝ እዚያ ቦታ ላይ ስለሚለይ በሕክምና መጠን አይነካም።

ችግሩ ከዚችው ጎድጓዳ ይመጣል። ከግድግዳዋ አንዱ ሰሪን የተባለ አሚኖ አሲድ ነው። ተማሪ ሳለን 531 ብለን ሸምድደነው ነበር፤ ዛሬ በቲቢው በራሱ አቆጣጠር 450 ይባላል። በጂኑ ላይ አንዲት ሲ ወደ ቲ ስትለወጥ ሰሪኑ ሊውሲን ይሆናል፤ መድኃኒቱ መያዣውን ያጣል፤ ጸሐፊው ግን ሥራውን ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ለውጥ በተፈጥሮ ከ100 ሚሊዮን ባሲል በአንዱ ገደማ ይገኛል። ብዙ አይመስልም፤ ነገር ግን ሳንባ ውስጥ ያለ አንድ ዋሻ ብቻውን ያን ያህል ባሲል ሊይዝ ይችላል። ሪፋምፒሲንን ብቻውን የሰጠን ለት፣ ያንን አንዱን መርጠን እያረባን ነው።

ከ10 ዓመት በፊት የማክመው አንድ የሚኒባስ ረዳት ነበር። የመጀመሪያ ሕክምናውን ይወስድበት ከነበረው ቦታ «መድኃኒት አልቋል» ተብሎ ሁለቴ ተመልሷል። እኛ ዘንድ ሲመጣ አክታው ሪፋምፒሲንን የተላመደ ቲቢ አሳየ። መቋረጡ ያመጣው ይሁን፣ ከመጀመሪያውም የተላመደው ባሲል ከሌላ ሰው ተላልፎበት ይሁን፣ ለይቶ መፍረድ አይቻልም። ሕክምናው 20 ወር ያህል ፈጀ፤ ለወራት መርፌ ተወጋ። ዳነ። መርፌው ግን ጆሮውን ጎዳውና «ወራጅ አለ» የሚለውን ድምፅ መስማት አቃተው። ለረዳት ጆሮ እንጀራ ነው። ሥራውን ተወ።

ዛሬ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። ጂን ኤክስፐርት የሚያየው ያቺኑ የቤታ ጂን ነው፤ 81 ፊደል ብቻ አንብቦ፣ መድኃኒቱን ከተላመዱት ውስጥ 95 በመቶ ያህሉን በ2 ሰዓት ገደማ ይለያል። ድሮ ካልቸር ሳምንታት ይፈጅብን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙዎቹ ሕመምተኞች ያለ መርፌ የ6 ወር ሕክምና መክሯል። ሆኖም ማሽኑ ከ81ዱ ፊደል ውጪ ያለውን አያይም። በኤስዋቲኒ የተስፋፋ አንድ ለውጥ ከዚያ መስኮት ውጪ በመሆኑ «መድኃኒቱ ይሠራል» እየተባለ ያልፍ ነበር።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጤና ጣቢያም ሁኑ የግል ክሊኒክ፣ አደራዬ ይኼ ነው። ለብሩሴሎሲስ ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን ከመጻፋችሁ በፊት «ሳል አለህ? ላብ ያጠምቅሃል? ከስተሃል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከተጠራጠራችሁ አክታውን አስቀድማችሁ ላኩ። የተደበቀ ቲቢ ካለ፣ ሪፋምፒሲኑን ብቻውን የሰጣችሁት ያህል ነው። ሕክምና ስታስጀምሩ የ6 ወሩ መድኃኒት መኖሩን ከመጋዘን አረጋግጡ፤ ከጎደለ ሕመምተኛው ባዶ እጁን ሳይመለስ ስልክ አንሡ። ማሽኑ «ይሠራል» ብሎ ሰውየው ካልተሻለው ደግሞ ሰውየውን እመኑት፣ ናሙናውን ለካልቸርና ለጂን ንባብ ላኩ።

መምህሮቻችን፣ ያኔ በቾክ የሣላችሁልንን ያንን ፖሊሜሬዝ አሁን ዎርድ ውስጥ ለኢንተርኖች እኔ እሥለዋለሁ። ሥዕሌ ከእናንተ አይሻልም፤ ረዳቱን ግን እጨምርበታለሁ።