ከሞያሌ ማዶ የወጥ ቅመም ፍለጋ

ሞያሌ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ በእግር የሚሻገሩባት ከተማ ናት። በኬንያ በኩል ለሚኖር ኢትዮጵያዊ በርበሬና ሽሮ ቢያልቅበት ገበያው ቅርቡ ነው። ለናይሮቢው ነዋሪ ግን ሞያሌ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች።

የጤፍ ነገር ለብቻው ነው። ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ስትከለክል፣ የተጋገረ እንጀራ ግን ይላክ ነበር። የአገር ቤቱን ዋጋ ለማረጋጋት የተደረገ ነውና ምክንያቱ ተገቢ ነው። ኬንያ ውስጥ ጤፍ ካጣችሁ ዳጉሳ አለላችሁ፤ ገበያ ላይ «ዊምቢ» ብላችሁ ጠይቁ። እንጀራው ጠቆር ይበል እንጂ ይጥማል።

አብሽና ነጭ አዝሙድ የህንዶች ሱቅ ውስጥ ይገኛሉ፤ አብሹን «ሜቲ»፣ ነጭ አዝሙዱን «አጅዋይን» ይሏቸዋል። ኮረሪማ ላይ ግን እንዳትታለሉ! እዚያ የሚሸጠው ሄል መዓዛው ሌላ ስለሆነ፣ ቅቤ ሲነጠር የኮረሪማን ቦታ አይሸፍንም። ስለዚህ ከአገር ቤት ለሚመጣ ዘመድ መልእክት ስትልኩ መጀመሪያ ኮረሪማ እዘዙ፤ የተፈጨው ሽታው ቶሎ ስለሚጠፋ ከነቅርፊቱ ይሁንላችሁ።